መሬቱ ያንተ ቢሆንም ቆርቆሮው ዕዳ ነው

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ፣ ገና ቡናው ሳይፈላ፣ ከጀርባችን የሚኖሩት እትዬ በራችንን አንኳኩ። በአንድ እጃቸው ስልክ፣ በሌላው ጉጠት ይዘዋል። «አንተ ሕግ ታውቃለህ፤ ይህ የተጻፈው እውነት ከሆነ ልጆቹን ልጠራቸው ነው» አሉኝ። ልጆቹ የሚጠሩት አጥር ሊነቅሉ ነው። ከጎረቤታቸው ጋር የሚያዋስናቸው ቆርቆሮ ባለፈው ዓመት ነሐሴ እንደ አዲስ ሲሠራ አርባ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ግቢያቸው ገብቷል ብለው ያምናሉ። ከዚያ ወዲህ ከጎረቤትየው ጋር ሰላምታ እንጂ ቡና አይጠጡም።

ያነበብኩላቸው ጽሑፍ «ካርታ ካለህ ማንንም አትጠይቅ» ይላል ርዕሱ። የጸሐፊው ስም የለበትም። ሰሞኑን በዕድራችን አባላት ስልክ ሁሉ ዞሯል፤ ለእኔ ብቻ ከአራት ሰው ደርሶኛል። አጻጻፉ ጥሩ ነው። ከከተማው ዳር የሚኖር ሰው ለዓመታት በሆዱ የያዘውን ብሶት አሳምሮ ይናገራል፤ ስለዚህም ይታመናል፤ ስለዚህም መልስ ያስፈልገዋል።

የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ያለው ሰው በድንበር ክርክር ሁልጊዜ ያሸንፋል። ሁለተኛ፣ የጎረቤት አጥር ካርታህን አልፎ ከገባ ራስህ ንቀለው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በኃይል መከላከልን ይፈቅድልሃል። ሦስተኛ፣ አጥሩ 15 ዓመት ከቆመ መሬቱ የባለአጥሩ ይሆናልና ፍጠን። አራተኛ፣ አጥር ሁለቱንም ይጠቅማልና ጎረቤት ግማሹን ወጪ መክፈል ግዴታው ነው። አምስተኛ፣ አጥር በክረምት ዝናብ ከወደቀ የእግዜር ሥራ ስለሆነ ተጠያቂ የለም። ስድስተኛ፣ ሽምግልና ጊዜ መግደያ ነው፤ በቀጥታ ፖሊስ ጥራ።

ከካርታው ልጀምር። ካርታ ትልቅ ማስረጃ መሆኑን አልክድም፤ በጥብቅና ሥራዬ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀውም እርሱን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1195 የአስተዳደር ክፍል የሰጠው የባለቤትነት ማስረጃ በስሙ የተጻፈለት ሰው ባለሀብት እንደሆነ ይገመታል ይላል። ጽሑፉ እዚህ ላይ ያቆማል። አንድ ቁጥር ወረድ ቢል ኖሮ በ1196 ግምቱ የሚፈርስባቸውን ምክንያቶች ያገኝ ነበር፦ ማስረጃው ከሕግ ውጪ ከተሰጠ፣ ወይም ሊሰጥ ሥልጣን በሌለው ክፍል ከተሰጠ፣ ወይም ዋጋ በሌለው ውል ላይ ተመሥርቶ ከሆነ። ግምት ማለት ተቃራኒ ማስረጃ እስኪቀርብ ድረስ የሚቆም ነገር ነው።

ይህ የሕጉ ነው። የሰፈሩ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። እኛ በአዲስ አበባ ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱ ማዶ የምንኖር ሰዎች ካርታችን እንዴት እንደተገኘ እናውቃለን። አንዱ በማኅበር ተመርቶ በችካል ተቀይሶለት ነው። ሌላው ከገበሬ ገዝቶ ቆይቶ፣ የ1988ቱ የአየር ካርታ ላይ ቤቱ ታይቶ፣ በኋላ ሕጋዊ የሆነ ነው። በዚህ በሁለተኛው ጊዜ ቀያሹ መጥቶ የለካው ምንድን ነው? የቆመውን አጥር ነው። ካርታው አጥሩን ተከተለ እንጂ አጥሩ ካርታውን አልተከተለም። እንግዲህ አጥሩ በተለካበት ቀን የት ቆሞ እንደነበር ሳይታወቅ «ካርታዬ ይህን ያህል ካሬ ይላል» ማለት ብቻውን የትም አያደርስም። እንዲህ ባለው ክርክር የድሮ የአየር ፎቶና ላይን ማፕ፣ ማለትም ይዞታዎች በመስመር የተሳሉበት ካርታ፣ የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የያዝኩት አንድ ጉዳይ ነበር። ሁለቱም ወገኖች ካርታ አላቸው። የሚከራከሩት በግማሽ ሜትር ላይ ነው፤ በመካከሉ አንድ ረድፍ ጌሾ ተተክሎበታል፤ ሁለቱም እኔ ተከልኩት ይላሉ። ፍርድ ቤቱ በባለሙያ ይለካ ብሎ አዘዘ። ቀያሾቹ መጥተው፣ መሣሪያቸውን ተክለው፣ ሲለኩ ዋሉና አንድ ድንጋይ ላይ ቀይ ቀለም ቀቡ። ድንጋዩ ያለው ከጌሾው ወዲህም ወዲያም አይደለም፤ ጌሾው ላይ ሆኖ ግራ ቀኙ ለጎርፍ መውረጃ የተተወ የመንግሥት ቦታ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ሰዎች የማንኛቸውም ላልሆነ መሬት ሁለት ዓመት ከፈሉ፤ የእኔ የጥብቅና ክፍያም እዚያ ውስጥ እንዳለበት እያፈርኩም ቢሆን ልናገር።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስመጣ ቆየት ማለት አለብኝ፤ ሰው የሚጎዳው በዚህኛው ነውና።

ጽሑፉ የጠቀሰው ቁጥር 1148ን ነው። ቁጥሩ በእርግጥ አለ። ባለይዞታ የሆነ ሰው ይዞታውን ሊነጥቀው ወይም ሁከት ሊፈጥርበት የመጣውን በኃይል መመለስ እንደሚችል ይናገራል። በኃይል ወይም በስውር የተወሰደበትንም ወዲያውኑ ማስመለስ ይችላል፤ ሁኔታው ከሚፈቅደው በላይ የሆነ የኃይል ሥራ ግን እንዳይፈጽም ይከለክለዋል። ጸሐፊው «በኃይል» የሚለውን አነበቡና «ወዲያውኑ» የሚለውን ዘለሉት። ጎረቤትህ ማለዳ መጥቶ ግቢህ ውስጥ ጉድጓድ ሲቆፍር እጅ ከፍንጅ ብትይዘው፣ ዶማውን ይዘህ ብታስቆመው፣ የተከለውን አጣና እዚያው ብትነቅለው ሕጉ ከአንተ ጋር ነው። አባቶቻችን በእንዲህ ያለው ሰዓት «በሕግ አምላክ!» ይሉ ነበር፤ ቆፋሪውም ዶማውን ይጥል ነበር። አጥሩ ከቆመ፣ ቀለም ከተቀባ፣ ዝናብ ከዘነበበትና ፀሐይ ከወጣበት በኋላ ግን ያ ሰዓት አልፏል። አሁን በዚያች ቁራጭ መሬት ላይ በእጁ ያደረገው እርሱ ነው፤ ነቃዩ ሁከት ፈጣሪ፣ እርሱ ሁከት የተፈጠረበት ይሆናል።

የሚከተለው ቁጥር 1149 ነው። ይዞታው የተወሰደበት ወይም ሁከት የተፈጠረበት ሰው ነገሩ እንዲመለስለት፣ ሁከቱ እንዲወገድለት፣ ኪሣራም እንዲከፈለው መጠየቅ ይችላል። በዚህ ክስ ፍርድ ቤቱ አስቀድሞ የሚጠይቀው «መሬቱ የማን ነው?» ብሎ አይደለም፤ «በእጁ አድርጎ የነበረው ማን ነው? ሁከቱንስ የፈጠረው ማን ነው?» ብሎ ነው። ስለዚህ መሬቱ በእውነት የእትዬ ቢሆን እንኳን በጉጠታቸው ምክንያት ተከሳሽ ሆነው ሊቆሙ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው ፍትሐዊ ልሁን። እዚያው ቁጥር ውስጥ አንድ መውጫ አለ፤ ተከሳሹ ያደረገውን የሚያደርግበት መብት እንዳለው ወዲያውኑና በማያጠራጥር ሁኔታ ካስረዳ ክሱ ውድቅ ይሆናል። ካርታ እንዲህ ያለ ማስረጃ ሊሆን አይችልም ወይ ብትሉኝ፣ ሊሆን ይችላል። የድንበር ምልክቱ መሬት ላይ ተተክሎ ከታየና ካርታው ከእርሱ ጋር ከገጠመ። ነገር ግን አርባ ሳንቲ ሜትር የሚያከራክር ነገር «ወዲያውኑ» ተብሎ የሚረጋገጥ አይደለም። ቀያሽ ይፈልጋል፣ ቀጠሮ ይፈልጋል፣ የጎረቤትንም ካርታ ማየት ይፈልጋል። ቀያሽ የሚያስፈልገው ነገር ደግሞ «በማያጠራጥር ሁኔታ» ከሚለው ቃል ጋር አብሮ አይሄድም።

የኪሣራው መጠንስ? ሕጉ ካሣ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ይፈልጋል። አንድ ሰው ሌሊት የነቀለውን አጥር በማግስቱ ሄጄ አይቻለሁ። አሥራ አንድ ቆርቆሮ ከነሚስማሩ ተጣጥፎ መንገድ ዳር ተጥሏል። አጣናዎቹ ከሥራቸው በመጋዝ ተቆርጠዋል፤ ነቅሎ ቢያስቀምጣቸው ኖሮ ተመልሰው ይተከሉ ነበር። ዶሮዎች ወጥተዋል። ከግቢው በስተጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ የነበረች ሴት «በር በሌለው ግቢ አላድርም» ብላ በሦስተኛው ቀን ዕቃዋን ጫነች። ቆርቆሮው፣ አጣናው፣ የአናጺው ቀን ሥራ፣ ዶሮዎቹ፣ የጠፋው ኪራይ፣ ሁሉም በአንድ ወረቀት ተዘርዝሮ ቀረበ። ያ ሰው ስለ መሬቱ ትክክል ይሁን አይሁን ገና አልተወሰነም ነበር።

የወንጀሉም ነገር አለ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በቁጥር 689 የሌላ ሰውን ንብረት ሆን ብሎ ማበላሸትን ያስቀጣል። መሬቱ የማንም ይሁን፣ ቆርቆሮው የገዛው ሰው ነው። ክሱ በአቤቱታ የሚቀርብ መሆኑ አንድ መልካም ጎን አለው፤ ጎረቤት ይቅር ካለ አቤቱታውን ላያቀርብ ይችላል። ግን በእርሱ ይቅርታ ላይ መንጠልጠል ያውም ትናንት ሌሊት አጥሩን ለነቀልክበት ሰው!

ታዲያ አጥሩ ገብቶ ሲያይ ሰው ዝም ይበል? አይበል። ጽሑፉ «አትዘግይ» ማለቱ ከሁሉም ትክክለኛው ምክሩ ነው። የሁከት ክስ ሁከቱ ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ከዚያ በኋላ ያለው በር በመብት መከራከር ነው፤ እርሱ ረጅም ነው። ደግሞም በሌላው መሬት ላይ ስለሚሠራ ግንባታ ሕጉ ሲናገር ባለመሬቱ ተቃውሞ ነበር ወይስ ዝም ብሎ ያይ ነበር የሚለውን ይለያል። ስለዚህ የመጀመሪያው ችካል ሲተከል በጽሑፍ መቃወም፣ ግልባጩን ማስቀመጥ፣ ከነቀኑ ፎቶ ማንሳት፣ ሥራው ከቀጠለ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት እግድ መጠየቅ። ብሎኬት ከመደርደሩ በፊት የወጣ የአንድ ገጽ እግድ ከተደረደረ በኋላ ከሚመጣ ፍርድ ይሻላል።

ስለ 15 ዓመቱ ብዙ አልልም። ቁጥር 1168 የማይንቀሳቀስ ሀብት በይዞታው ሥር ያለ ሰው ግብሩን ለ15 ዓመት በተከታታይ ከከፈለ ባለሀብት ይሆናል የሚል ነው። ጸሐፊው ግብሩን ረስተውታል። የግብር ደረሰኝህን አውጥተህ ተመልከት፤ 175 ካሬ ሜትር ይላል እንበል። አጥርህ ጨምሮ የያዛት አሥር ካሬ እዚያ ውስጥ የለችም፤ ስለ እርሷ አንድ ሳንቲም አልከፈልክም። ከሁሉም በላይ ግን ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. መሬት በግል በሚያዝበት ዘመን ነው። ዛሬ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የማይሸጥን መሬት አጥር አቁሞ በመክረም ብቻ የግል ሀብት ማድረግ አይቻልም። አጥሩ ረጅም ዓመት መቆሙ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ድንበሩ ያኔ የት እንደነበር ለማስረዳት ዋጋ አለው፤ ማስረጃ ነው እንጂ ስጦታ አይደለም።

የግማሽ ወጪው ነገር ብዙ ጎረቤት ያጣላል። ከስምምነት የመጣ ግዴታ ከሆነ ይከፈላል፤ አጥሩ የጋራ ከሆነም የጥገናው ወጪ የጋራ ነው። ሳትጠይቀው በራስህ ፍላጎት የስድስት ብሎኬት ግንብ ገንብተህ፣ ላዩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ደርድረህ፣ በማግስቱ የወጪ ዝርዝር ይዘህ በሩን ብታንኳኳ ግን «ማን አዘዘህ?» የማለት መብት አለው። ያለ አግባብ በሌላው ወጪ መበልጸግን የሚከለክል ድንጋጌ በሕጉ ውስጥ መኖሩን አውቃለሁ፤ ቁጥር 2162 ነው። ነገር ግን ሰውየው የቆርቆሮ አጥር ይበቃኝ ነበር ካለ በአንተ ግንብ በልጽገሃል ብሎ ማስረዳት ቀላል አይሆንም። ሁለት መስመር ጽፎ አስቀድሞ መፈራረም ከዚህ ሁሉ ያድናል።

አሁን ወደ ዝናቡ። ይህን የጻፉት ሰው በእኛ በኩል ክረምት አሳልፈው እንደማያውቁ እገምታለሁ። አቃቂ ቃሊቲ በአብዛኛው ዋልካ አፈር ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት አብጦ ይነሳል፤ መሠረቱ ጥልቀት የሌለው ግንብ በሦስተኛው ክረምት ወደ አንድ ወገን ማዘንበል ይጀምራል። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የታወቀን ነገር «የእግዜር ሥራ» ማለት ደግሞ እግዜርን ያለ ጥፋቱ መክሰስ ነው።

ሕጉም እንዲህ አይልም። ቁጥር 2077 የአንድ ሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆን እንኳን፣ ኃላፊ ነው ይላል። ግንብህ ወድቆ የጎረቤትህን ማድቤት ቢጨፈልቅ ጎረቤትህ ጥፋትህን ማስረዳት አይጠበቅበትም። ግንቡ ያንተ መሆኑና የወደቀው እርሱ መሆኑ ይበቃዋል። እንዲህ ያለው ክስም የሁለት ዓመት ይርጋ አለበት፤ ቁጥር 2143።

አንድ ነገር ግን አለ፤ ጽሑፉ ጨርሶ አላየውም። ብዙ ጊዜ ግንቡን የሚጥለው ባለቤቱ አይደለም። ጎረቤቱ ግቢውን ከፍ ለማድረግ ሦስት መኪና ገረጋንቲ አስመጥቶ በግንቡ ላይ ይሞላዋል። ግንቡ የተሠራው ለመለየት እንጂ አፈር ለመያዝ አይደለም። ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ የለውም፤ ሐምሌ ላይ ሙሌቱ ውሃ ጠጥቶ ይከብድና ግንቡን ሆዱን አስነፍቶ ይገፋዋል። በእንዲህ ያለው ጊዜ ሙሌቱን የሞላው ሰው በጥፋቱ ይጠየቃል፤ በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ መካስ አለበት የሚለው ቁጥር 2028 ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ግንብህ ማበጥ ሲጀምር ፎቶ አንሣ፤ ለጎረቤትህም በጽሑፍ አሳውቀው። ከወደቀ በኋላ ሁሉም «እኔ ምን አውቄ» ይላል።

የቀረው ሽምግልናው ነው። ጸሐፊው በሽማግሌ መሰልቸታቸው ይገባኛል። ሦስት እሑድ ተሰብስቦ፣ ሦስት ጊዜ ዳቦና ጠላ ቀርቦ፣ በመጨረሻ «ተቻቻሉ» ተብሎ የሚያልቅ ሽምግልና እኔም አይቻለሁ። በቃል ብቻ የተደረገ ስምምነትም ደካማ ነው። ነገር ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ተዋዋዮች ክርክራቸውን በስምምነት ከጨረሱ ያ ስምምነት በመካከላቸው ይግባኝ እንደማይባልበት ፍርድ ይቆጠራል፤ ቁጥር 3312 ነው። ፍርድ ቤት ዓመት ፈጅቶ የሚሰጠውን ሽማግሌ በአንድ ከሰዓት ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው፤ በትክክል ከተጻፈ። በዕድራችን መዝገብ ውስጥ ያለ አንድ የድሮ ስምምነት «ድንበሩ ከኮክ ዛፉ እስከ ጉድጓዱ» ይላል። የኮክ ዛፉ ከተቆረጠ ስንት ዘመኑ! ከቤቱ ማዕዘን ይህን ያህል ሜትር ተብሎ ይጻፍ፣ ንድፍ ይያያዝበት፣ ሁለቱም ከነምስክሮቻቸው ይፈርሙበት። ሽማግሌ የመንግሥትን ቦታ ለሁለት ሊያካፍል እንደማይችልም ይታወቅ።

ፖሊስን በተመለከተ ደግሞ ዱላ ከተነሣ፣ ዛቻ ካለ፣ ንብረት ከወደመ ይጠራ። ድንበሩ የት ነው ለሚለው ግን የሚሰጥህ መልስ «ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» የሚል ነው፤ ትክክልም ነው።

ጽሑፉ ያልነካው አንድ ነገር ለሰፈራችን ሰዎች ብቻ ላክል። ከእኛ መካከል አንዳንዱ በአዲስ አበባ አስተዳደር ሥር ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በኦሮሚያው ሸገር ከተማ። በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ጎረቤቶች የሚሄዱበት የመሬት ጽሕፈት ቤትም ፍርድ ቤትም የተለያየ ሊሆን ይችላል። ስልክ ላይ የሚዞር ምክር ይህን አይለይም፤ ክስ ከመጻፍ በፊት ካርታውን የሰጠው የትኛው ነው ብሎ መመልከት ይገባል።

እትዬ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙኝ፤ ቡናውም ሁለተኛው ደረሰ። ቆጠራውን አብረን ቆጠርን፤ ከነሐሴ ወዲህ ሁለት ዓመት አልሞላም፤ የሁከት ክሱ በር ክፍት ነው። ከሰዓት በኋላ ታላቁ ልጃቸው ከጎረቤትየው ጋር ተነጋግሮ ሁለቱም ካርታቸውን ይዘው እንዲገናኙ፣ የቀያሹንም ወጪ እኩል እንዲከፍሉ ተስማሙ። ሊወጡ ሲሉ እትዬ በሩ ላይ ቆም ብለው «ቀያሹ መሬቱ የእኔ ነው ካለስ፣ ቆርቆሮውን ማን ይነቅለዋል?» አሉኝ።

«እርሱ ራሱ ይንቀለው፤ ቆርቆሮው የእርሱ ነው» አልኳቸው። «እምቢ ካለ ፍርድ ቤት ያስነቅለዋል፣ ወጪውም በእርሱ ላይ ይሆናል።»

ቀያሹ ለማክሰኞ ተቀጥሯል።